የጎልፍ ዱላ በስንት ጊዜ ይቀየራል? መቼ እውነትም ያረጃል፣ መቼስ ገንዘባችሁ ብቻ ይባክናል?

አንድ አዲስ የጎልፍ ድራይቨር ዛሬ አሜሪካ ውስጥ 600 ዶላር ገደማ ይሸጣል። እሱ አንድ ዱላ ብቻ ነው። ሙሉውን ቦርሳ ከታወቁ ብራንዶች በአዲስ ዕቃ ልሙላ ያለ ሰው ከ2,000 ዶላር በላይ መዘጋጀት አለበት። ታዲያ ይሄ ሁሉ ዕቃ በየስንት ጊዜው ነው የሚቀየረው? በየዓመቱ? በየአምስት ዓመቱ? ወይስ እስኪሰበር?

ጎልፍ እኛ አገር የብዙ ሰው ጨዋታ እንዳልሆነ እናውቃለን። አሜሪካ፣ አውሮፓ ወይም ገልፍ አገራት ሆኖ ከሥራ ባልደረቦቹ ጋር ሜዳ መውጣት የጀመረ፣ ከዘመድ ያገለገለ ቦርሳ የተላከለት፣ ወይም ኦንላይን ላይ በርካሽ ዱላ አይቶ "ልግዛው አልግዛው" እያለ የሚያመነታ ሰው ግን አለ። ለእነዚህ ሰዎች ጥያቄው የገንዘብ ጥያቄ ነው። ጎልፍ ነክተው ለማያውቁት ደግሞ ታሪኩ ከኪሳቸው ካለው ስልክ ጋር ይመሳሰላል። ለምን እንደሆነ ወደታች እናየዋለን።

ከዚህ በታች ያሉት ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

📌 በአጭሩ ለቸኮለ

▪️ የእጅ መያዣው ጎማ (ግሪፕ)፦ በዓመት አንዴ ወይም በየ40 ዙሩ
▪️ ዌጅ፦ ብዙ ለሚጫወት ከ75 ዙር በኋላ መፈተሽ
▪️ ድራይቨር፦ ካልተሰነጠቀ 5 ዓመትና ከዚያ በላይ
▪️ አይረን፦ 10 ዓመት ቢያገለግል የሚገርም አይደለም
▪️ ፓተር፦ እስከወደዳችሁት ድረስ

ይሄ አጠቃላይ መመሪያ እንጂ ሕግ አይደለም። በሳምንት ሦስት ጊዜ የሚጫወትና በዓመት ሦስት ጊዜ የሚጫወት ሰው ዱላ እኩል አያረጅም። ስለዚህ መቆጠር ያለበት ከዓመቱ ይልቅ የዙሩና የምቱ ብዛት ነው።

🏌️ ቦርሳው ውስጥ ምን አለ?

አንድ ተጫዋች በአንድ ዙር ከ14 ዱላ በላይ መያዝ አይችልም። ሕጉን የአሜሪካው የጎልፍ ማህበር በ1938 አጸደቀው፣ የብሪታንያው አርኤንድኤ ደግሞ በ1939 ተከተለ። ከዚያ በፊት አንዳንዱ ከ20 በላይ ዱላ ጭኖ ይመጣ ነበር። ተሸካሚው ካዲ ምን ያህል እንደሚሰቃይ አስቡት።

ሕጉ ቀልድ አያውቅም። በ2001 የብሪታንያ ኦፕን የመጨረሻ ቀን ኢያን ዉስናም ከመሪዎቹ አንዱ ሆኖ ሁለተኛው ጉድጓድ ላይ ሲደርስ ካዲው ቦርሳውን ቆጠረ፤ 15 ዱላ። ጠዋት ሲለማመዱ የሞከሩት ሁለተኛ ድራይቨር ሳይወጣ ቀርቶ ነበር። ሁለት ምት ተቀጣ። ውድድሩንም ሳያሸንፍ ቀረ።

14ቱ ዱላዎች በግምት አራት ቤተሰብ ናቸው። ድራይቨርና መሰሎቹ ለሩቅ ምት ያገለግላሉ፤ ድሮ ራሳቸው ከእንጨት ይሠራ ስለነበር እስካሁን "ዉድ" ይባላሉ። አይረን ለመካከለኛ ርቀት ነው። ዌጅ ለአጭር ርቀትና ከአሸዋ ለማውጣት ያገለግላል። ፓተር ደግሞ በተስተካከለው ሣር ላይ ኳሷን ወደ ጉድጓዱ ለመግፋት ነው።

ይሄን ማወቅ የሚጠቅመው አራቱ በአንድ ፍጥነት ስለማያረጁ ነው። "ዱላዬን መቀየር አለብኝ?" የሚለው ጥያቄ "የቱን ዱላ?" በሚል መጀመር አለበት።

✋ ቀድሞ የሚያረጀው፦ ግሪፕ

ብዙ ሰው የሚረሳው ይሄን ነው። ዱላውን የምትይዙበት ጎማ ላብ፣ ዘይት፣ ፀሐይና አቧራ ይፈራረቅበታል። ሲውል ሲያድር ይደርቅና ይላጫል፣ ያንሸራትታልም። የሚያንሸራትት ዱላ የያዘ ሰው ሳያውቀው እጁን ያጠብቃል። እጅ ሲጠብቅ ክንድ ይደርቃል፣ ምቱም ይበላሻል። ከዚያ ሰውየው ጥፋቱን ወደ ዱላው ያዞርና አዲስ ዱላ ሊገዛ ይሄዳል።

በዓለም ትልቁ የግሪፕ አምራች ጎልፍ ፕራይድ ግሪፕ በዓመት አንዴ ወይም በየ40 ዙሩ እንዲቀየር ይመክራል። አምራች ስለሆነ ቶሎ ቶሎ ብትቀይሩለት ደስ እንደሚለው አትርሱ። ሆኖም ምክሩ ከእውነት የራቀ አይደለም። ዋናው መፈተሻ እጃችሁ ነው፦ ጎማው ካብለጨለጨ፣ ከደነደነ ወይም አውራ ጣት የሚያርፍበት ቦታ ከጎደጎደ ጊዜው ደርሷል።

ደስ የሚለው ነገር ግሪፕ ከዱላው ጋር ሲነጻጸር ርካሽ ነው። የ10 ዓመት ዱላ አዲስ ግሪፕ ሲገባለት እጅ ላይ አዲስ ዱላ ይመስላል። ከመቀየራችሁ በፊት ደግሞ በለብ ያለ ውሃና በሳሙና እጠቡት። አንዳንዴ "አርጅቷል" የተባለው ግሪፕ ቆሽሾ ብቻ ይገኛል።

⛳ እውነትም የሚያልቀው፦ ዌጅ

ዌጅ ፊቱ ላይ ቀጫጭን ቦዮች አሉት። ሥራቸው ሣርና ውሃን ከኳሱና ከብረቱ መካከል ማስወጣት ነው፤ እንደ መኪና ጎማ ጥርስ አስቡት። ቦዩ ስለት ሲሆን ብረቱ ኳሱን ይነክሰዋል፣ ኳሱ ወደኋላ እየተሽከረከረ ይሄዳል፣ ሲያርፍም ቶሎ ይቆማል። ቦዩ ሲደፈን ወይም ጠርዙ ሲበላ ኳሱ አርፎ ይንሸራተታል።

ዌጅ ከሌሎቹ ቀድሞ የሚያልቅበት ምክንያት ግልጽ ነው። አሸዋ ውስጥ የሚገባው እሱ ነው። በልምምድ ሰዓትም ደጋግሞ መሬት የሚነካው እሱ ነው። አሸዋ ደግሞ ብረት የሚሞርድ ነገር ነው። ዱባይ ወይም ዶሃ ዙሪያ የሚጫወት ሰው ዌጅ አየርላንድ ለምለም ሣር ላይ ከሚጫወት ሰው ዌጅ ቀድሞ ቢያልቅ አይገርምም።

ታይትሊስት ለሚሠራቸው ቮኪ ዌጆች 75 ዙርን የመቀየሪያ ምልክት አድርጎ ያስቀምጣል። በሳምንት አንዴ ለሚጫወት ሰው ይሄ አንድ ዓመት ተኩል ያህል ነው። በወር አንዴ ለሚወጣ ሰው ደግሞ ስድስት ዓመት አልፎ ይሄዳል። አያችሁ ልዩነቱን? "በየሁለት ዓመቱ ቀይሩ" የሚል ምክር ለሁለቱም ሊሠራ አይችልም።

ቤት ውስጥ ለመፈተሽ ጥፍራችሁን በቦዩ ላይ ከላይ ወደታች ጎትቱ። ጠርዙ ጥፍራችሁን ከያዘው ደህና ነው። ጥፍራችሁ ሳይያዝ ከተንሸራተተ፣ በተለይ መሃሉ ላይ፣ ዌጁ ሥራውን ጨርሷል።

አንድ የሕግ ነገርም አለ። በ2010 የላይኛው ደረጃ ውድድሮች ላይ የቦዮቹን መጠንና የጠርዛቸውን ስለት የሚገድብ ደንብ ሥራ ላይ ዋለ። ስለዚህ ከዚያ በፊት የተሠራ ያገለገለ ዌጅ ለመዝናናት ቢሆንላችሁም ትልቅ ውድድር ላይ ላይፈቀድ ይችላል።

🔩 ረጅም ዕድሜ ያለው፦ አይረን

አይረን ከስሙ እንደምትረዱት ብረት ነው። በአግባቡ የተያዘ አይረን አሥር ዓመት ሄዶ የሚያጎድለው ነገር ጥቂት ነው። ቦዮቹ ያረጃሉ፣ ግን ከዌጅ በጣም በዘገየ ሁኔታ። ዘንጉ ከውስጥ ዝገት ካልበላው፣ ራሱ ካልተነቃነቀ፣ ከመሬት ብዛት ካልተጣመመ ይሠራል።

እዚህ ጋ አንድ የሽያጭ ዘዴ እወቁ። ሱቅ ትሄዳላችሁ፣ አዲሱን 7 ቁጥር አይረን ትመታላችሁ፣ ኳሱ ከድሮው 7 ቁጥራችሁ አሥርና አሥራ አምስት ሜትር ራቅ ብሎ ያርፋል። "ቴክኖሎጂ!" ትላላችሁ። ግን የዱላዎቹን ፊት ዝንባሌ ለኩት። በ1980ዎቹ የነበረ 7 ቁጥር 35 ዲግሪ አካባቢ ዘንበል ያለ ነበር። ዛሬ ለጀማሪ የሚሸጠው 7 ቁጥር 28 ወይም 30 ዲግሪ ሊሆን ይችላል። ፊቱ ቀጥ ባለ ቁጥር ኳሱ ዝቅ ብሎ ይርቃል። በሌላ አነጋገር የድሮው 5 ወይም 6 ቁጥር ላይ "7" ተብሎ ተጽፎበታል ማለት ይቻላል።

ፍትሐዊ ለመሆን ግን ሙሉ በሙሉ ማታለል አይደለም። የአዲሶቹ አይረኖች ክብደት ወደታች ስለተደረገ ኳሱን በቀላሉ ያነሱታል፤ ስለዚህም ፊቱን ቀጥ ማድረግ ተችሏል። ቢሆንም "የራቀልኝ ስለተሻልኩ ነው" ብላችሁ 1,000 ዶላር ከማውጣታችሁ በፊት ዲግሪውን ጠይቁ።

💥 ሲያረጅ የሚፈጥነው፦ ድራይቨር

አሁን የሚገርመው ክፍል ላይ ደረስን። ብዙ ሰው ድራይቨር ሲያረጅ "ይሞታል"፣ ኳሱ መራቁን ይተዋል ብሎ ያስባል። በተግባር የሚታየው ግን የተገላቢጦሽ ሊሆን ይችላል።

የዛሬ ድራይቨር ውስጡ ባዶ ነው። ፊቱ በጣም ስስ ቲታኒየም ወይም ካርቦን ሲሆን ኳስ ሲመታ እንደ ከበሮ ቆዳ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ይመለሳል። በሺዎች የሚቆጠር ምት ሲያርፍበት ፊቱ እየላላ ሊሄድ ይችላል፣ የመመለስ ኃይሉም ሊጨምር ይችላል። በመጨረሻ ይሰነጠቃል። ከመሰንጠቁ በፊት ባለው ጊዜ ግን ከአዲሱም በላይ ፈጣን ሊሆን ይችላል።

ችግሩ ደግሞ ለዚህ ፍጥነት ሕጋዊ ጣሪያ መኖሩ ነው። የውድድር ዳኞች ትንሽ ፔንዱለም ፊቱ ላይ ይለቁና ብረቱ ፔንዱለሙን የነካበትን ጊዜ ይለካሉ። ገደቡ 239 ማይክሮሰከንድ ሲሆን 18 የመቻቻያ ይታከልበታል፣ ማለትም 257። ከዚያ ካለፈ ዱላው ከውድድር ይወጣል።

በዚህ የተያዙት ስም የሌላቸው ሰዎች አይደሉም። በ2019 የብሪታንያ ኦፕን የዛንደር ሻፍሌ ድራይቨር ፈተናውን ወደቀ፣ ሌላ መፈለግ ነበረበት። በ2025 የፒጂኤ ሻምፒዮና ደግሞ የሮሪ ማኪልሮይ ድራይቨር ወደቀ። በዚያው ሳምንት የስኮቲ ሼፍለርም ወድቆ ነበር፤ ሼፍለር ዱላውን ቀይሮ ውድድሩን አሸነፈ። ማንም በማጭበርበር አልተከሰሰም። ዱላዎቹ አዲስ ሳሉ ሕጋዊ ነበሩ፣ ብዙ ተመትተው ነው መስመሩን ያለፉት።

ይሄ ለእኔና ለእናንተ ዓይነት ሰው ምን ማለት ነው? ሁለት ነገር። አንደኛ፣ የፕሮ ፍጥነትና የምት ብዛት ከሌላችሁ ድራይቨራችሁ እዚያ ደረጃ ለመድረስ ብዙ ዓመት ይፈጅበታል። ሁለተኛ፣ "ድራይቨሬ ጉልበቱን ጨርሷል" የሚለው ሰበብ ብዙም አያስኬድም። ፊቱ ላይ ስንጥቅ ካልታየ፣ ድምፁ ድንገት ካልተለወጠ፣ ውስጡ ነገር ካልተንኳኳ ዱላው ጤነኛ ነው። ጉልበቱ የቀነሰው ምናልባት ሌላ ቦታ ነው። 😄

🐅 የማያረጀው፦ ፓተር

ታይገር ዉድስ 15 ሜጀር ዋንጫ አለው። ከነዚህ ውስጥ 14ቱን ያሸነፈው በአንድ ፓተር ነው፤ ስኮቲ ካሜሮን የሠራው ኒውፖርት 2። በ1999 የፒጂኤ ሻምፒዮናን ያሸነፈበትን ዱላ በ2019 ማስተርስን ሲያሸንፍም ይዞት ነበር። መሃል ላይ ሌላ ፓተር የሞከረባቸው ጊዜያት አሉ፣ ግን ተመልሶ ወደዚያው መጣ። የፈለገውን ዕቃ በነጻ ማግኘት የሚችል ሰው ነው ይሄን ያደረገው።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ፓተር ኳሱን በቀስታ ነው የሚነካው። ፊቱ አይሳሳም፣ አሸዋ አይገባም፣ ሜትር አይጨምርም። እሱ ላይ የሚሠራው ዓይንና እጅ መልመዳቸው ነው። ፓተር የሚቀየረው ብዙ ጊዜ ተጫዋቹ ሲናደድ ነው፤ ያ ደግሞ ከዕቃ ማርጀት ጋር አይገናኝም።

💼 ታዲያ ፕሮዎቹ ለምን ይቀያይራሉ?

አንደኛው ምክንያት ዕቃው ለእነሱ በቶሎ ያልቃል። በቀን በመቶዎች የሚቆጠር ኳስ የሚመታ ሰው ዌጁን በዓመት ውስጥ ብዙ ጊዜ ይቀይራል፣ ሁለት ሜትር የስፒን ልዩነት ለእሱ የዳቦ ጉዳይ ነውና። ሁለተኛው ምክንያት ውል ነው። ኩባንያው ይከፍለዋል፣ አዲሱ ሞዴል ሲወጣ ቲቪ ላይ እንዲታይለት ይፈልጋል።

ውል ሲፈርስ ምን እንደሚሆን በ2016 ታየ። ናይኪ በዚያ ዓመት ነሐሴ የጎልፍ ዱላ መሥራት አቆመ። ታይገርና ማኪልሮይ በቀጣዩ ዓመት ወደ ቴይለርሜድ ሄዱ። ብሩክስ ኬፕካ ግን ምርቱ ከገበያ ከጠፋ በኋላም የናይኪ 3 ቁጥር አይረኑን ለዓመታት አልለቀቀም። ሄንሪክ ስቴንሰንም በ2016 ብሪታንያ ኦፕንን ሲያሸንፍ ቦርሳው ውስጥ የነበረው 3 ቁጥር ዉድ፣ የካላዌይ ዲያብሎ ኦክቴን፣ ከገበያ ከወጣ ዓመታት ያለፉት ነበር።

ስለዚህ ፕሮ ሲቀይር አይታችሁ አትቀይሩ። እሱ ሲቀይር ይከፈለዋል፣ እናንተ ስትቀይሩ ትከፍላላችሁ።

📱 በየዓመቱ አዲስ ሞዴል፦ የስልኩ ታሪክ

የቴይለርሜድን ድራይቨሮች ተመልከቱ። 2020 ሲም፣ 2021 ሲም 2፣ 2022 ስቴልዝ፣ 2023 ስቴልዝ 2፣ 2024 ኪውአይ10፣ 2025 ኪውአይ35። በየዓመቱ አንድ። ካላዌይም በተመሳሳይ ፍጥነት ይሄዳል። ታይትሊስትና ፒንግ ደግሞ በየሁለት ዓመቱ ገደማ ያወጣሉ።

በየዓመቱ የሚሰማው ማስታወቂያ አንድ ዓይነት ነው፦ "የበለጠ ይርቃል።" ቀደም ብለን ያልነውን አስታውሱ እንግዲህ። የፊቱ ፍጥነት ሕጋዊ ጣሪያ አለው፤ የራሱ መጠንም 460 ኪዩቢክ ሴንቲሜትር ላይ ተገድቧል። አምራቾቹ ጣሪያውን ከነኩ ቆይተዋል። መሃል ላይ በትክክል ለተመታ ኳስ አዲሱ ድራይቨር ከአምስት ዓመት በፊቱ ብዙ ሊርቅ አይችልም፤ ከራቀ ሕገወጥ ይሆናል።

እውነተኛ ለውጥ የመጣባቸው ጊዜያት አሉ። በ1920ዎቹ የብረት ዘንግ ሲፈቀድ አንድ ለውጥ ነበር። ቴይለርሜድ በ1979 ተመሥርቶ የብረት ራስ ያለው "ዉድ" ይዞ ሲመጣ ሌላ። ካላዌይ በ1991 ቢግ በርታን፣ በ1995 ደግሞ ቲታኒየሙን ግሬት ቢግ በርታን ሲያወጣ ጨዋታው ተለወጠ። ስሙ ራሱ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት የጀርመን መድፍ የተወሰደ ነው። ከእንጨት በተሠራ ድራይቨር ለመጨረሻ ጊዜ ሜጀር የተሸነፈው በ1993 ማስተርስ ነው፤ አሸናፊው በርናርድ ላንገር ነበር።

ከዚያ ወዲህ የሚሻሻለው በዋናነት የስህተት ማካካሻው ነው። ከመሃል ሳት ብሎ የተመታ ኳስ ዛሬ ብዙ ርቀት አያጣም፣ ብዙም አይጣመምም። ለጀማሪ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ግን ልዩነቱ የሚታየው አሥርና አሥራ አምስት ዓመት ሲሰፋ እንጂ ካለፈው ዓመት ሞዴል ጋር አይደለም። ባለፈው ዓመት ስልክና በዘንድሮው ስልክ መካከል ያለውን ልዩነት ታውቁታላችሁ አይደል? ካሜራዋ ትንሽ ተስተካክላ፣ ቀለሟ ተቀይሮ። እንደዚያ ነው።

🧮 ሂሳቡን እንሥራው

ሰውየው በዓመት 25 ዙር ይጫወታል እንበል። 600 ዶላር ድራይቨር ገዝቶ በዓመቱ ከቀየረው በአንድ ዙር 24 ዶላር ይወጣበታል። ስድስት ዓመት ቢይዘው 150 ዙር ነው፣ በዙር 4 ዶላር። ድራይቨር ደግሞ በአንድ ዙር ቢበዛ 14 ጊዜ ያህል ብቻ ነው የሚወጣው፤ ፓተሩ ከ30 ጊዜ በላይ ይሠራል። ብዙ ሰው የሚቀያይረው ግን ብዙም የማይጠቀምበትን ዱላ ነው።

በልዩነቱ የአሠልጣኝ ክፍያ መክፈል፣ ተጨማሪ ዙር መጫወት ወይም ገንዘቡን ወደ ቤት መላክ ይቻላል። የትኛው እንደሚበልጥ እናንተ ፍረዱ።

✅ መቀየር ያለበት መቼ ነው?

▪️ ደህንነት ሲነካ። ዘንጉ ከተሰነጠቀ ወይም ራሱ ከላላ ወዲያው ቁሙ። በሙሉ ኃይል ሲወዛወዝ የተነቀለ ራስ እንደ ድንጋይ ነው የሚወረወረው፣ አጠገብ የቆመ ሰው ሊጎዳ ይችላል። ይሄ ላይ ቁጠባ የለም።
▪️ ሰውነት ሲለወጥ። ከጉዳት በኋላ ወይም ዕድሜ ሲገፋ ፍጥነት ይቀንሳል። ያኔ ቀለል ያለና ተለጣጭ ዘንግ ይረዳል። ብዙ ጊዜ ዘንጉን ብቻ መቀየር ይበቃል።
▪️ ልጅ ሲያድግ። የልጆች ዱላ በቁመት ነው የሚመረጠው። ልጁ በየዓመቱ እያደገ አዲስ ውድ ዱላ መግዛት አያዋጣም፤ ያገለገለ ገዝቶ ለታናሽ ማውረድ ይሻላል። አዋቂ ዱላ ቆርጦ መስጠት ግን ክብደቱ ልጁን ያበላሸዋል።
▪️ መጀመሪያውኑ ልካችሁ ካልነበረ። ረጅምና አጭር ሰው አንድ ዓይነት ዱላ አይይዙም። የተላከላችሁ ቦርሳ ቁመታችሁን የማይመጥን ከሆነ ብራንዱ አያድናችሁም።
▪️ ደረጃችሁ ሲለወጥ። ጀማሪ ሳላችሁ የገዛችሁት ርካሽ ሙሉ ስብስብ ሁለት ሦስት ዓመት ይወስዳችኋል። ከዚያ የቱ እንደሚጎድላችሁ ራሳችሁ ታውቁታላችሁ።

ጨዋታ መሃል ዱላ ቢሰበርስ? ከ2023 ጀምሮ ሕጉ ቀለል ብሏል፦ በንዴት ካልሰበራችሁት በቀር የተጎዳ ዱላ በሌላ መተካት ይፈቀዳል። ዛፍ ላይ አጋጭታችሁ ከሰበራችሁት ግን የራሳችሁ ጉዳይ ነው።

🔍 ያገለገለ ስትገዙ

ለብዙ ሰው ምርጡ ምርጫ ሁለት ሦስት ትውልድ ወደኋላ ያለ ያገለገለ ዱላ ነው። አዲሱ ሲወጣ የድሮው ዋጋ ይወድቃል፣ አቅሙ ግን አብሮት አይወድቅም። ስትገዙ እነዚህን እዩ፦

1. ዘንጉን ከላይ እስከ ታች በጣት ዳብሱት። ስንጥቅ፣ ጭረት፣ ጠባሳ ይፈልጉ ጣቶቻችሁ። ካርቦን ዘንግ ላይ ጥልቅ ጭረት አደገኛ ነው።
2. ራሱን ያዙና በቀስታ ጠምዝዙት። ትንሽ እንኳ ከተንቀሳቀሰ ተዉት።
3. አራግፉት። ድራይቨር ውስጥ የሚንኳኳ ነገር ካለ ምን እንደሆነ ጠይቁ።
4. የዌጁን ቦይ በጥፍራችሁ ፈትሹ።
5. አይረኖቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ዘንግ እንዳላቸው እዩ። ከተለያየ ስብስብ ተለቃቅመው የሚሸጡ አሉ።
6. የግሪፕ መቀየሪያ ዋጋን ከመጀመሪያው ሂሳብ ውስጥ አስገቡ።

ፎርጅድም አለ። የታወቁ ብራንዶች ዱላ በብዛት ይቀዳል። የተጠጋጋ አርማ፣ ከሚጠበቀው የከበደ ወይም የቀለለ ራስ፣ ጥራት የሌለው ቀለም፣ የማይገኝ መለያ ቁጥር ምልክቶች ናቸው። ዋነኛው ምልክት ግን ዋጋው ነው። ዘንድሮ የወጣ ድራይቨር በ120 ዶላር "አዲስ ነው" ከተባላችሁ፣ አይደለም።

አዲስ አበባ ላይ ለምትሞክሩ አንድ ማሳሰቢያ፦ ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትርና ከዚያ በላይ ነች። አየሩ ስስ ስለሆነ ኳስ ከባሕር ዳርቻ ከተሞች ይልቅ እዚህ ይርቃል። ዱባይ በድሮው ዱላችሁ የመታችሁትን አዲስ አበባ በአዲሱ ከመታችሁት ጋር አታወዳድሩ። የራቀው በተራራው ነው።

🧽 ዕድሜውን ለማራዘም

ከእያንዳንዱ ዙር በኋላ ፊቱንና ቦዩን በብሩሽና በውሃ አጽዱ፣ በጨርቅ አድርቁ። ዝናብ ከመታው ቦርሳውን ከፍታችሁ አናፍሱ፣ ዝገት የሚጀምረው እርጥብ ቦርሳ ውስጥ ነው። ድራይቨሩን ሽፋኑን አልብሱት።

ገልፍ አገራት ያላችሁ ደግሞ በበጋ ዱላችሁን መኪና ኮፈን ውስጥ አትተዉ። ራሱንና ዘንጉን የሚያያይዘው ሙጫ በከፍተኛ ሙቀት ይዳከማል። ጠዋት ጤነኛ የነበረ ዱላ ማታ ራሱ የላላው ለዚህ ሊሆን ይችላል።

በመጨረሻ

ግሪፕ ቶሎ ቀይሩ፣ ዌጅን በጥፍር ፈትሹ፣ አይረንን አክብራችሁ ያዙ፣ ድራይቨርን እስኪሰነጠቅ አትጣሉ፣ ፓተራችሁን ውደዱት። አዲስ ሞዴል ሲወጣ "የኔ ምን ሆነ?" ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ "ምንም" ከሆነ ካርዳችሁን ወደ ኪስ መልሱ።

ቦርሳ ሊገዛ የተዘጋጀ ወዳጅ ካላችሁ ይሄን ላኩለት። 600 ዶላር ታድኑት ይሆናል።